ያለ ፊርማ

እንዳልክ የትምህርት ቤት ደጅ የሚረግጥ ሰው አልነበረም። ልጁ ልዕልት ከኪንደርጋርተን ተነሥታ አሥራ አንደኛ ክፍል እስክትደርስ የወላጅ ስብሰባውም፣ ሪፖርት ካርዱም፣ የሚፈረመው ወረቀትም ሁሉ የሚስቱ የጤናዬ ሥራ ነበር። ስለዚህ በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የፓርኪንግ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ የፈተና ቢሮው በር ላይ ሲቆም፣ ሠርካዲስ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ሰው ሞቷል የሚል ነበር።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«ምንም አልሆንንም። አበልጅን ለማየት የግድ ሰው መሞት አለበት?» በሩን ከኋላው ዘጋው። «ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ። ቢሮሽ ግን ቁም ሣጥን ነው የሚያህለው።»

«ካንተ የመስታወት ሣጥን ይሻላል።»

ሠርካዲስ የልዕልት የክርስትና እናት ናት። ልዕልት በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ከካህኑ እጅ ተቀብላ ያቀፈቻት እሷ ነበረች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷና እንዳልክ በስም ተጠራርተው አያውቁም፣ አበልጄ ይባባላሉ። የራሷ ልጅ የላትም። ከስድስት ዓመት በፊት ባሏ መኮንን ሲሞት፣ እስከ አርባው ድረስ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ አውሮራ ወዳለው አፓርትመንቷ እየመጣ፣ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳይናገር ተቀምጦ ይሄድ የነበረው እንዳልክ ነው።

በሎውሪ ሰፈር ዳር ባለው በዚህ ሃይስኩል የፈተና ቢሮ ረዳት ሆና መሥራት ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ አሥራ አንደኛ ክፍሎች ሁሉ የስቴቱን ፈተና በኮምፒውተር ይፈተናሉ። ከመካከላቸው ማንበብ፣ መጻፍ ወይም ለረጅም ሰዓት መቀመጥ የሚያስቸግራቸው አሉ፤ ለነዚህ አኮሞዴሽን የሚባል እርዳታ ይፈቀድላቸዋል። ለአንዱ ተጨማሪ ሰዓት፣ ለሌላው ጥያቄውን በድምፅ የሚያነብ ኮምፒውተር፣ ለሌላው ጥቂት ልጆች ብቻ የሚቀመጡበት ክፍል። እርዳታው ግን በወረቀት ስለተፈቀደ ብቻ አይሰጥም። አንድ ሰው የእያንዳንዱን ልጅ ፋይል ከፍቶ በፈተናው ሶፍትዌር ውስጥ ማስገባት አለበት። ያ ሰው ሠርካዲስ ናት። በልጁ ስም ትይዩ የሰዓት፣ የሄድፎን፣ የበር ትንንሽ ሥዕሎች ይበራሉ። ሥዕሉ ካልበራ በፈተናው ቀን እርዳታው የለም። ዝርዝሩ ደግሞ በማግስቱ፣ ዓርብ ማምሻውን ይቆለፋል።

«ልዕልት አንቺ ዝርዝር ውስጥ አለች፣ አይደል?» አለ እንዳልክ።

«አለች።»

«አውጪልኝ።»

ሠርካዲስ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። እሱ ግን አልሳቀም።

«ትናንት ምሳ ላይ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከኔ ጋር የሚሠራውን ለገሠን ታውቂው የለ? ሁላችንም በተቀመጥንበት ‹ያንተ ልጅ ከነዚያ ልጆች ጋር ተነጥላ ነው አሉ የምትፈተነው› አለኝ። ‹ሐኪም ትሆናለች ስትለን አልነበር? ሐኪሟ የመድኃኒቱን ስም ማን ሊያነብላት ነው?› ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ሳቅሁ።»

ሠርካዲስ ወደ ስክሪኑ ዞር አለች። ከልዕልት ስም አሥራ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ የለገሠ ልጅ ስም አለ፤ ሰዓቱም፣ ሄድፎኑም፣ በሩም በርተውላታል። ለገሠ ስለዚያ ክፍል የሰማው ከገዛ ልጁ ነው። ይህን አንድ ነገር ብትናገር እንዳልክ እየሳቀ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ግን የሌላ ተማሪ ስም ለማንም ላለማውጣት በየኦገስቱ ትፈርማለች፤ በስምንት ዓመት ውስጥም ለማንም አውጥታ አታውቅም። አንዱን ሕግ ጠብቃ ሌላውን ልታፈርስ እንደሆነ ያን ጊዜ አልታያትም።

«ልዕልት እኮ አእምሮዋ እንደ ምላጭ ነው» አለች። «ፊደሉ ነው የሚያስቸግራት። ሲነበብላት ከማንም አታንስም። በልምምዱ ፈተና በሄድፎን አሥራ አንድ መቶ አርባ ነው ያመጣችው፤ ያለ ሄድፎን ስምንት መቶ ዘጠና። ስኮላርሺፑ አሥራ አንድ መቶ ይፈልጋል። የአራት ዓመት ኮሌጅ ነው፣ አበልጄ።»

«ታጠናለቻ።»

«ነገሩ የማጥናት አይደለም።»

«ኮሌጆቹስ? ይቺ ለብቻዋ የተፈተነች ናት አይሉም?»

«አያዩትም።»

«ሲስተም ውስጥ የገባ ነገር መቼ ይወጣል? እዚህ አገር አንዴ የተጻፈብሽ ነገር እስከ መቃብር ይከተልሻል።»

ሠርካዲስ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣች። ወላጅ እርዳታውን አልፈልግም የማለት መብት አለው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ነው።

«እንግዲያው ይህን አንብበህ ፈርምበት። ጤናዬም ትወቅ። እኔ ስካን አድርጌ አያይዘዋለሁ።»

እንዳልክ ወረቀቱን ተቀበለ። ፊቱን አየ፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«መነጽሬን መኪና ውስጥ ረሳሁት» አለ።

ሃያ ሁለት ዓመት ስታውቀው መነጽር አድርጎ አይታው አታውቅም። የዜግነት ማመልከቻውን የሞላችለት እሷ ናት። የፈተናውን መቶ ጥያቄ ጮክ ብላ እያነበበችለት በሁለት ሳምንት ውስጥ በጆሮው ብቻ ሸምድዶ፣ ኢንተርቪው ያደረገችውን ሴትዮ አስደንቆ ነበር የወጣው። የልዕልት ነገር ከየት እንደመጣ ሠርካዲስ ካወቀች ቆይታለች። ተነጋግረውበት ግን አያውቁም።

እንዳልክ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ መልሶ ገፋላት።

«በኔና ባንቺ መካከል ፊርማ ገባ?» አለ።

ለሌላ ሰው ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። ባለፈው ዓመት እንዲሁ ልጄን አውጡልኝ ያለችን አንዲት እናት ሁለት ገጽ አስፈርማታለች። አርባ ቀን በሯ አጠገብ የተቀመጠን ሰው ግን፣ ማንበብ የማይችለውን ወረቀት አስይዛ፣ ቃልህ አይበቃኝም ልትለው አልሆነላትም። ወረቀቱን አጥፋ ወደ መሳቢያው መለሰችው።

«ላስብበት።»

«አስቢበት። ለጤናዬ ግን እንዳትነግሪያት። ለልጅቷም።»

በማግስቱ የሌሎቹን ሁሉ ሥራ አስቀድማ ጨረሰች። አሥራ አራት ልጆች ነበሩ። የልዕልትን መስመር ሁለት ጊዜ ከፍታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው። በሦስተኛው ሰዓቱን ትታ ሄድፎኑንና በሩን ብቻ ልታጠፋ ሞከረች፤ አባትየውን የሚያሳፍረው ክፍሉ ከሆነ፣ ቢያንስ ሰዓቱ ይቅርላት ብላ ነው። ሶፍትዌሩ እምቢ አለ። ተጨማሪ ሰዓት ያለው ልጅ የግድ በዚያ ክፍል ይመደባል፤ አንዱ ከሌላው ጋር የታሰረ ነው።

ሁሉንም አስወግድ አለችው። ምክንያት ጠየቃት፤ ሦስት ምርጫም ደረደረላት። የፈቃዱ ጊዜ አልፏል። ወላጅ አልፈለገም። በስህተት የገባ። ሁለተኛውን ስትነካ የተፈረመ ወረቀት ካላያያዝሽ አላሳልፍሽም አላት። ሦስተኛውን መረጠች። እርግጠኛ ነሽ ወይ አላት። አዎ አለች። ሦስቱ ሥዕሎች ጠፉ፤ የልዕልትም መስመር እንደ ሌሎቹ ብዙ ልጆች መስመር ባዶና ንጹሕ ሆነ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስታገኛት ለጤናዬ ልትነግራት ቆርጣ ነበር። ጤናዬ እንግልውድ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በቀጥታ መጥታ፣ ቆማ እያንቀላፋች ነበር፤ ሠርካዲስ ለሚቀጥለው እሑድ አለች። በሚቀጥለው እሑድ እንዳልክ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ፣ የተቆለፈ ነገር ተነግሮ ምን ይፈይዳል እያለች ራሷን አጽናናች። የፈተና ኃላፊዋ ሚስስ ሩይዝ ለስቴቱ ደውላ ዝርዝሩን ማስከፈት እንደምትችል ታውቅ ነበር። ግን ሚስስ ሩይዝ ምክንያቱን ትጠይቃታለች።

ፈተናው በኤፕሪል አጋማሽ፣ በረዶ በጣለበት ማክሰኞ ሆነ። ሠርካዲስ የመገናኛ ሬዲዮ ይዛ ጂም በሚባለው የስፖርት አዳራሽና በላይብረሪው መካከል ያለውን ኮሪደር ትጠብቃለች። በላይብረሪው ጎን ባለች ክፍል ዘጠኝ ልጆች ሄድፎን አድርገው ተቀምጠዋል። ጂም ውስጥ መቶ ሃያ ጠረጴዛ ተደርድሯል። ጠዋት ልዕልት ወደ ትንሿ ክፍል ሄዳ፣ ስምሽ እዚህ የለም ተብላ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ጂሙ ስትመለስ ሠርካዲስ ከሩቅ አይታታለች። አይታም ወደ መጸዳጃ ቤት ገብታ እጇን ታጠበች።

በእረፍቱ ልዕልት ፈልጋ አገኘቻት።

«እትዬ፣ የፈተና ትኬቴ ላይ ምንም የለም። ሰዓትም የለም፣ ሄድፎንም የለም። አስተማሪው፣ ትኬቱ ላይ የሌለ ነገር መስጠት አልችልም አለኝ። ሲስተሙ ግሊች አድርጎ ነው መሰለኝ። ቼክ ታደርጊልኛለሽ?»

«አንዴ ከተጀመረ አይነካም፣ ልጄ።»

«ግን አንቺ አስገብተሽኝ የለ? ለጓደኞቼ ሁሉ፣ እኔ ምን ቸገረኝ፣ የምታስገባው የክርስትና እናቴ፣ ጎድማዘሬ ናት ብዬ ነበር።»

ሠርካዲስ በሬዲዮው ጎን ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ትነካካለች።

«ሦስተኛው ፓሴጅ ላይ ሰዓቱ አለቀ» አለች ልዕልት። «መስመሮቹ ይሄዱብኛል። አንዱን ፓራግራፍ ስድስት ጊዜ አነበብኩት።» በሹራቧ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች፤ አላለቀሰችም። «ኢትስ ኦኬ። ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

ደወሉ ተደወለ። ሠርካዲስ የጂሙን በር ከፈተችላት።

በማግስቱ ጤናዬ ከሥራ ቦታዋ ደወለች። አበልጇን ማስቸገር አልፈለገችምና የደወለችው በቀጥታ ለሚስስ ሩይዝ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሚስስ ሩይዝ ሠርካዲስን ጠርታ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችው።

ሶፍትዌሩ የነካውን እጅ ሁሉ እንደሚመዘግብ ሠርካዲስ ታውቃለች፤ ሌሎች ሰዎች ሲሳሳቱ ያን ገጽ ከፍታ ያሳየች እሷ ናት። የራሷን ስም እዚያ ላይ ስታየው ግን እንግዳ ሰው ስም መሰላት። ስሟ፣ ቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ 3:41፣ ምክንያት፦ በስህተት የገባ።

«ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ ስትስቺ አላየሁሽም» አለች ሚስስ ሩይዝ። «ይህ ምንድን ነው?»

«እጄ ሳተ።»

«አንድ ልጅ ለማስወጣት አራት ጊዜ መጫን አለብሽ። አራት ጊዜ ሳተ?»

ሠርካዲስ ስክሪኑን መልሳ ወደ ሚስስ ሩይዝ አዞረችው።

«ስሚኝ» አለች ሚስስ ሩይዝ፤ ተነሥታ በሩን ገፋ አደረገችው። «ቤተሰቡ ጠይቆሽ ከሆነ ንገሪኝ። አሁንም ቢሆን ከፈረሙልሽ በቤተሰብ ምርጫ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ አንቺን ብዙ የሚነካሽ ነገር የለም። ግን የልጅቷ ውጤት ያው የትናንቱ ነው፤ ድጋሚ ፈተና የለም። ስህተቱ የኛ ከሆነ ደግሞ ለስቴቱ ሪፖርት አደርጋለሁ፤ በወሩ መጨረሻ እርዳታዋን አግኝታ እንደገና ትፈተናለች። ያን ጊዜ ግን አንቺን ላድንሽ አልችልም። የቱ ነው?»

«እስከ ነገ ስጪኝ።»

ከሥራ እንደወጣች ወደ ዳውንታውን ነዳች። እንዳልክ የሚሠራበት ፓርኪንግ ከሆቴሎቹ ጀርባ ነው። ገንዘብ ተቀባዮቹ በማሽን ከተተኩ ወዲህ፣ እሱ በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው ማሽኑ ትኬታቸውን አልቀበል ላላቸው ሰዎች ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ፓርክ አድርጋ በእግሯ ወረደች። ሲያያት ወንበሩን ለቀቀላትና እሱ ቆመ።

«ጤናዬ እህል አልቀመሰችም» አለ። «ልጅቷ ከክፍሏ አልወጣ ብላለች።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ምን እላለሁ። ሲስተም ነው አልኳቸው።»

ሚስስ ሩይዝ ያለቻትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። በመካከሉ አንድ ፒክአፕ መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። እንዳልክ በመስኮቱ ትኬቱን ተቀብሎ በሱሪው አሸት አሸት አድርጎ ማሽኑ ውስጥ ከተተው፤ የመውጫው አግዳሚ ብረት ተነሣ። ሰውየውን መልካም ቀን ተመኝቶለት ተመለሰ።

«እና ብፈርም ልዕልት አትፈተንም?»

«አትፈተንም።»

«ባልፈርምስ?»

«ትፈተናለች። ጥፋቱ የኔ ይሆናል።»

በፊቱ ላይ አንድ የተወጠረ ነገር ሲላላ አየች። ባታየው ትመርጥ ነበር።

«ታዲያ እኔ ብፈርም ልጄን መጉዳት ነዋ» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺው ነሽ ያልሽው።»

«እኔው ነኝ ያልኩት።»

«ፈርም ካልሽኝ እፈርማለሁ። አሁኑኑ። ብዕር አምጪ።»

ብዕሩም ወረቀቱም ቦርሳዋ ውስጥ ነበሩ። ፈርም እንደማትለው ሁለቱም ያውቃሉ። እስከዚህ ድረስ የነዳችው ለፊርማው እንዳልነበረ አሁን ገባት፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንቺን አስገድጄ ነው የሚል ቃል ከአፉ ቀድሞ ይወጣል ብላ ነበር። ቢወጣ ምንም የሚለውጠው ነገር አልነበረም፤ ያኔም ቢሆን አትፍረም ነበር የምትለው።

«አትፍረም» አለች። «ግን ከፈተናው በኋላ ለጤናዬና ለልዕልት እውነቱን ንገራቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እነግራቸዋለሁ። ምን ገዶኝ። ብቻ ልጅቷ በሰላም ትፈተን።»

ስትወጣ ትኬቷን አልተቀበላትም። ከሣጥኑ ወጥቶ አግዳሚውን ብረት በገዛ እጁ አነሣላትና እስክታልፍ ይዞት ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ለሚስስ ሩይዝ ማንም አልጠየቀኝም አለቻት። ሚስስ ሩይዝ ትንሽ አየቻትና መጻፍ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ሠርካዲስ ሶፍትዌሩን ለመክፈት ስትሞክር የይለፍ ቃሏ አልሠራም። ከሰኞ ጀምሮ እስከ ትምህርት መዝጊያው በካፍቴሪያው በር ላይ ቆማ ተማሪ እንድትቆጥር ተመደበች። በሜይ ሁለተኛ ሳምንት ኮንትራቷ ለሚቀጥለው ዓመት እንደማይታደስ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት፤ ደብዳቤው ስለ አገልግሎቷ ያመሰግናታል።

ጤናዬ አንድ ጊዜ ደወለችላት። «የገዛ ልጅሽን?» አለቻት። «በሌላ ሰው ልጅ ብትሳሳቺ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። ግን የገዛ ልጅሽን፣ ሠርካዲስ?» በስሟ ስትጠራት በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ሠርካዲስ ይቅርታ አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ልዕልት በኤፕሪል የመጨረሻ ሳምንት በትንሿ ክፍል፣ በሄድፎን፣ ሰዓቷን ሁሉ አግኝታ ተፈተነች። በካፍቴሪያው በር ስታልፍ ስልኳን እያየች ታልፋለች። አሥራ አንድ መቶ ስልሳ አመጣች። በጁን መጀመሪያ የስኮላርሺፑ ደብዳቤ መጣ፤ በሁለተኛው ቅዳሜ አውሮራ ቤታቸው ግብዣ ተደረገ። ሠርካዲስንም ጠሯት። ብትቀር ሰው ለምን ቀረች ይላል።

ከሃያ የማይበልጥ ሰው ነበር። ለገሠ ከሚስቱና ከልጁ ጋር መጥቷል። ልዕልት ከኩሽና ስትወጣ «ሐኪማችን መጣች፣ ወገቤን እይልኝ» አላትና ሁሉም ሳቀ። የለገሠ ልጅ ግን ወደ ጓሮው ወጣች።

«ስኮላርሺፑ ሊቀርባት ነበር እኮ» አለ እንዳልክ ከወንበሩ ወደ ፊት ሳብ ብሎ፤ ሁለተኛ ቢራውን ይዟል። «እነዚህን ሰዎች ዝም ካልካቸው ዝም ነው የሚሉህ። እኔ ነኝ ደውዬ ያፋጠጥኳቸው። በናንተ ሲስተም የልጄ ዕድሜ ሊበላሽ ነው ወይ አልኳቸው። ያን ጊዜ ደነገጡ።»

«ሲስተሙ ምን ያውቃል» አለ ለገሠ። «የሚነካው ሰው ነው እንጂ።»

ነገሩን የማያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ሠርካዲስ ሳህኗን እያየች ትበላለች። ጤናዬ መጥታ ከአናቷ በላይ ቆመችና ሳትጠይቃት ወጥ ጨመረችላት፤ እንደ ማንኛዋም እንግዳ። እንዳልክ ወደ ሌላ ወሬ ገባ። አልፎ አልፎ ዓይኑ በሷ በኩል ያልፋል፤ አይቆምም። አልነገራቸውም። ምናልባት ሊነግር አስቦ ቀኑን ሲያራዝም፣ ውሸቱ እሱ ራሱ የሚያምነው ነገር ሆኖለት ይሆናል። እንዴት እንደሚሆን ታውቃለች፤ እሷም ሁለት እሑድ አራዝማ ነበር።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ልሂድ ብላ ተነሣች። ማንም ቆዪ አላላትም። መኪናዋ ዘንድ ስትደርስ ከኋላዋ የሚሮጥ ኮቴ ሰማች።

«እትዬ፣ ዌይት።»

ልዕልት ነበረች፤ አዲሱን ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ይዛለች። ከኤፕሪል ወዲህ በዚህ ስም ጠርታት አታውቅም።

«በጣም ተናድጄብሽ ነበር» አለች። «ላይክ፣ ሪሊ። ስምሽን መስማት አልፈልግም ነበር። ግን አሰብኩበት። ሰው ይሳሳታል። ይቅር ብዬሻለሁ።»

እንዳልክ የቆሻሻ ከረጢት አንጠልጥሎ በጋራዡ በር ላይ ቆሟል። መስማቱን ሠርካዲስ ከአቋቋሙ አወቀች። ቀና ብላ አየችው፤ በዚህ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም አያት። ጠበቀችው።

«ልዕልት፣ ግቢ» አለ። «ይበርድሻል።»

ጁን ነበር፤ ከአስፋልቱ ገና ወላፈን ይነሣል። ከረጢቱን በቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጥሎ ክዳኑን ከደነና ወደ ቤት ገባ።

«መጣሁ፣ አባ» አለች ልዕልት። ከዚያ ወደ ሠርካዲስ ተጠግታ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፤ ትልቅ ሰው ሕፃንን እንደሚያባብል ዓይነት። «ግን ፕሊስ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለሌሎቹ ልጆች ሁለቴ ቼክ አድርጊ። ኦኬ?»

«እሺ» አለች ሠርካዲስ፤ ቁልፏን ከቦርሳዋ እየፈለገች። «ሁለቴ አያለሁ።»